ቦቴና አይሱዙ፦ የቼዝ ማሽኑ የቤት ኮምፒዩተር ውስጥ ለምን አልገባም?

የጭነት መኪና ለመግዛት ገንዘቡን የቋጠረ የሻሸመኔ ነጋዴ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ጉልበት አይደለም። «ሲመለስ ምን ይጭናል?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። አይሱዙ ድንችና ጎመን ጭኖ አዲስ አበባ ይገባል፤ ሲመለስ ሳሙና፣ ቆርቆሮ ወይም ሲሚንቶ ይዞ ይመጣል። ወደ ባሌ ሥራ ከተገኘ በኮፈሌ በኩል ይወጣል፤ እዚያ ከቀዘቀዘ በሐላባ አድርጎ ወላይታ ሶዶ ይወርዳል፤ አለዚያም ሐዋሳን አልፎ ወደ ዲላ ይዘልቃል። ቦቴ ግን ነዳጅ እንጂ ሌላ አያውቅም። ጅቡቲ ባዶውን ወርዶ ሞልቶ ይመለሳል። የነዳጅ ሥራ እስካለ ድረስ የሚስተካከለው የለም። ሥራው የቆመ ዕለት ግን ድንች አይጫንበትም።

ነጋዴው ይህን ስሌት ስለ መኪና ሲሆን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። ስለ ኮምፒዩተርና ስለ ኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሲሆን ግን ስሌቱን መኪናው ጋቢና ውስጥ ረስቶት ይወርዳል። «ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሠራ ነው፣ በፍጥነት የሚያህለው የለም» ሲባል ኪሱን ይፈታል። ፈጣኑን ማሽን የገዛ ሰው ምን ሊገጥመው እንደሚችል ለማየት ደግሞ በዓለም ላይ ከቼዝ ኮምፒዩተር ታሪክ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ጉዳዩ ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 11 ቀን 1997 (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ኒውዮርክ ላይ የአይ.ቢ.ኤም ኩባንያ ዲፕ ብሉ የተባለው ኮምፒዩተር የዓለምን የቼዝ ሻምፒዮን ጋሪ ካስፓሮቭን በ3.5 ለ2.5 ነጥብ አሸነፈ። የአሸናፊው ሽልማት 700 ሺህ ዶላር ነበር። ከዓመት በፊት፣ በ1996 ፊላደልፊያ ላይ ካስፓሮቭ ይህንኑ ማሽን 4 ለ2 ረትቶት ስለነበር የበቀሉ ወሬ ዓለምን አዳረሰ።

ያሸነፈው ማሽን ሁለት ቁም ሣጥን ያክላል፤ ክብደቱም 1.4 ቶን ነበር። ጉልበቱ ያለው 480 በሚሆኑ፣ ለቼዝ ብቻ ተብለው በተሠሩ ቺፖች ላይ ነው። ማንኛውም ኮምፒዩተር ቼዝ ሲጫወት «ፈረሱ ወዴት መሄድ ይችላል? ንጉሡ ተጋልጧል ወይ?» የሚለውን እየደረደረ በትእዛዝ ላይ ትእዛዝ ይፈጽማል። የዲፕ ብሉ ቺፕ ግን ሕጉ ራሱ በሲልከኑ ላይ ተቀርጾ ስለነበር መልሱን በአንድ ምት ያወጣዋል። በዚህም የተነሳ ማሽኑ በሴኮንድ 200 ሚሊዮን ያህል የሰሌዳ አቀማመጥ ይመረምር ነበር።

ቺፑን የነደፈው በታይዋን ተወልዶ በአሜሪካ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የተማረው ፌንግ ሢዩንግ ሹ ነው። ከድሉ በኋላ አይ.ቢ.ኤም ማሽኑን ከውድድር አስወጣው፤ የመልስ ግጥሚያም አላደረገም። ለኩባንያው ቼዝ ማስታወቂያ ነበርና ማስታወቂያው ሥራውን ጨርሷል። ሹ ግን ሌላ ሐሳብ ነበረው። ቺፑን አሻሽሎ፣ አሳንሶ፣ አንድ ሰው ቤቱ ባለው ተራ ኮምፒዩተር ላይ ሊሰካው የሚችል ዕቃ ለማድረግ ፈለገ። የቺፑን ፈቃድ ከአይ.ቢ.ኤም አግኝቶ በ1999 ኩባንያውን ለቀቀ። ውጥኑ ግን ለገበያ ሳይበቃ ቀረ፤ ሰውዬውም ወደ ሌላ ኩባንያ ሄዶ ተቀጠረ።

እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ ቢያስብ መልካም ነው። ዓለምን ያስደነቀ ዕቃ ነው። ነዳፊው አለ፣ ፈቃዱ አለ፣ ስሙም ያለ ማስታወቂያ ታውቋል። ታዲያ ለምን አልተሸጠም?

የመጀመሪያው ምክንያት የወጪው ዓይነት ነው። ቺፕ መንደፍና የፋብሪካውን ቅርጽ ማሠራት አንድ ጊዜ የሚወጣ ከባድ ወጪ ነው፤ አንድ ቢሸጥም አንድ ሚሊዮን ቢሸጥም ያው ነው። ለምሳሌ ያህል ይህ ወጪ 1 ሚሊዮን ዶላር ነው ቢባል፣ 10 ሺህ ገዢ ሲገኝ በእያንዳንዱ ላይ 100 ዶላር ይወድቃል። 10 ሚሊዮን ገዢ ሲገኝ 10 ሳንቲም ብቻ ነው። የተራውን ኮምፒዩተር ፕሮሰሰር የሚሠሩት ኩባንያዎች የሚያካፍሉት ለሁለተኛው ዓይነት ቁጥር ነው። የቼዝ ቺፕ ሻጩ ደግሞ ለመጀመሪያው። ሁለቱ አንድ ገበያ ላይ ሲገናኙ ማን ዋጋ እንደሚሰብር የሻሸመኔ ጅምላ ሻጭ ንገሩኝ አይልም።

ሁለተኛው ምክንያት ከመጀመሪያው ይብሳል። ቤቱ ቁጭ ብሎ ቼዝ የሚጫወት ሰው በ1997ም ቢሆን በተራው ፕሮግራም መሸነፉ አልቀረም ነበር። በርካሽ ሶፍትዌር በ30 እንቅስቃሴ የሚረታ ሰው በ25 እንቅስቃሴ እንዲረታ መቶ ዶላር ጨምሮ ለምን ይከፍላል? ዕቃው ከገዢው ፍላጎት በላይ ጥሩ ነበር። ነጋዴ መጥፎ ዕቃ እንደማይሸጥ ያውቃል። ከሚፈለገው በላይ ጥሩ የሆነ ዕቃም መደርደሪያ ላይ አቧራ እንደሚጠጣ የሚያውቀው ግን ሁሉም አይደለም።

ከሹ በፊት የሞከሩ አልጠፉም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ታስክ የተባለ የሆላንድ ኩባንያ «ቼስ ማሽን» ብሎ የሰየመውን ካርድ አወጣ። ካርዱ የራሱ ፕሮሰሰርና የራሱ ማስታወሻ ያለው ሆኖ በተራ ኮምፒዩተር ስሎት ላይ ይሰካል። የኤድ ሽሮደር ፕሮግራም በዚህ ካርድ ላይ ሆኖ በ1992 ማድሪድ ላይ ትልልቆቹን ማሽኖች አስከትሎ የዓለም የኮምፒዩተር ቼዝ ሻምፒዮን ሆኗል። ጥሩ ዕቃ ነበር፤ ነገር ግን ብዙ ሳይቆይ ኢንቴል ፔንቲየምን አወጣና ተራው ኮምፒዩተር ያለ ካርድ የካርዱን ሥራ መሥራት ጀመረ። የሚገርመው በካርዱ ላይ የነበረው ፕሮሰሰር አርም የሚባለው ነው። ለቼዝ ታስቦ አልተሠራም፤ ለማንኛውም ሥራ የሚሆን ነበር። ካርዱ ተረሳ። የአርም ዘር ግን ዛሬ ሻሸመኔ ውስጥ በሚሸጠው ስማርት ስልክ ሁሉ ማለት ይቻላል ውስጥ ተቀምጧል።

(ለአስመጪዎች ደግሞ አንድ ነገር ጣል ለማድረግ ያህል፦ ቤል በተባለው የአሜሪካ ላቦራቶሪ የተሠራው «ቤል» የተሰኘ የቼዝ ማሽን በ1982 ወደ ሞስኮ ሊጓዝ ሲል ኒውዮርክ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ በጉምሩክ ተይዟል። ወደ ሶቪየት ኅብረት መውጣት የሌለበት ቴክኖሎጂ ነው ተብሎ ነው። በጉምሩክ መጋዘን ዕቃው የቀረበት ሰው ብቻውን አይደለም።)

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ልዩው ማሽን የተሸነፈው በሌላ ልዩ ማሽን አይደለም። በ1994 ለንደን ላይ ቼስ ጂኒየስ የተባለ ፕሮግራም በተራ ፔንቲየም ኮምፒዩተር ላይ ሆኖ ካስፓሮቭን በአጭር ሰዓት ግጥሚያ ከውድድሩ አሰናበተው። በ1995 ሆንግ ኮንግ ላይ በተደረገው የኮምፒዩተሮች የዓለም ሻምፒዮና ደግሞ ፍሪትዝ የሚባለው የገበያ ፕሮግራም፣ በ90 ሜጋኸርዝ ፔንቲየም ላይ ሆኖ፣ የዲፕ ብሉን ቀዳሚ ሞዴል አሸነፈና ዋንጫውን ወሰደ። ይህ ሁሉ የሆነው የኒውዮርኩ ድል ከመታየቱ በፊት ነው። በአንድ ጨዋታ ብቻ መፍረድ ባይገባም ምልክቱ ግን ነበረ።

ከዚያ በኋላ ልዩነቱ እየጠበበ ሄደ። በ2005 በአቡዳቢ ገንዘብ የተሠራው ሃይድራ፣ ልዩ ካርዶችን በብዛት አሰልፎ፣ እንግሊዛዊውን ማይክል አዳምስን በ5.5 ለ0.5 ደቆሰው። ልዩ ማሽን ገና አልሞተም ተባለ። በዓመቱ ግን በ2006 ቦን ላይ ዲፕ ፍሪትዝ ሁለት የኢንቴል ፕሮሰሰር በያዘ ኮምፒዩተር የወቅቱን የዓለም ሻምፒዮን ቭላድሚር ክራምኒክን 4 ለ2 አሸነፈ። በሴኮንድ ይመረምር የነበረው 8 ሚሊዮን ያህል አቀማመጥ ብቻ ነው፤ የዲፕ ብሉ ከ20 እጅ አንድ እጅ እንኳ አይሆንም። በ2009 ደግሞ ፖኬት ፍሪትዝ የተባለ ፕሮግራም በኪስ ስልክ ላይ ሆኖ ቦነስ አይረስ በተካሄደ ውድድር ከ10 ጨዋታ 9.5 ነጥብ ሰበሰበ። ያ ስልክ በሴኮንድ 20 ሺህ እንኳ አይመረምርም ነበር።

200 ሚሊዮን የሚቆጥር ቁም ሣጥን የሠራውን 20 ሺህ የሚቆጥር ስልክ ለመሥራት ምን አበቃው? ፕሮግራም ጸሐፊዎቹ የትኛውን አቀማመጥ ሳይመረምሩ ማለፍ እንደሚቻል ስላወቁ ነው። ዕውቀቱ በሶፍትዌር ተጽፏል። ሶፍትዌር ደግሞ ዛሬ ይታረማል፣ ነገ ይሻሻላል፣ ከነገ ወዲያ ወደ አዲስ ማሽን ይገለበጣል። በሲልከን ላይ የተቀረጸ ሕግ ግን ፋብሪካ ካልተመለሰ አይታረምም።

ይህን ለማየት የራሳችንን ሰንጠረዥ ማሰብ ይበቃል። መኳንንቱ ይጫወቱት የነበረው የኢትዮጵያ ቼዝ መነሻው ላይ ወረራ አለው፤ የመጀመሪያው ጉልት እስኪማረክ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ። ዝሆኑ አግድም በሰያፍ ሁለተኛው ቤት ላይ ዘሎ ያርፋል፤ እግረኛውም ሲነሳ ሁለት ቤት መራመድ አይፈቀድለትም። የዲፕ ብሉን 480 ቺፕ በነፃ ቢሰጡት አንድም ሰው ሰንጠረዥ ሊጫወትባቸው አይችልም። የፈረንጁ ሕግ ተቀርጾባቸዋልና። አንድ ፕሮግራም ጸሐፊ ግን ሕጉን ተረድቶ ከተቀመጠ ባለው ላፕቶፕ ላይ ሊጽፈው ይችላል።

እንዲህ ሲባል ልዩ ማሽን ሁሉ ከንቱ ነው ማለት እንዳልሆነ ይታወቅ። ወደ ቤት ኮምፒዩተር በሰላም የገባ ልዩ ቺፕ አለ። የግራፊክስ ካርድ ነው። የተሠራው ለቪዲዮ ጨዋታ ሥዕል ነው። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ወጣቶች ለጨዋታ ሲሉ ስለገዙት ዋጋው ተካፈለ፤ ከ2007 ገደማ ጀምሮም አምራቹ ኤንቪዲያ ሌሎች ሰዎች በፈለጉት መንገድ እንዲያዝዙት በሩን ከፈተ። ጎግል በ2017 አልፋዜሮ የተባለውን ቼዝ ተጫዋች በራሱ ልዩ ቺፖች አሠልጥኖ ዓለምን ሲያስደምም፣ በጎ ፈቃደኞች በማግሥቱ በ2018 ያንኑ ዘዴ ሊላ በሚል ስም በየቤታቸው ባለው የጨዋታ ካርድ ላይ አስኬዱት። በ2020 ደግሞ ከጃፓን ቼዝ የተገኘ ዘዴ ተወስዶ ስቶክፊሽ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ካርድም ሳያስፈልገው በተራ ፕሮሰሰር ላይ እንዲሠራ ሆነ። ሹ በ1999 ሊሸጥ ያሰበው ጉልበት ዛሬ በነፃ ይወርዳል።

ሀገር ውስጥም ይኸው ታሪክ በሌላ ልብስ አልፏል። የአማርኛ ታይፕራይተር ለአንድ ሥራ ብቻ የተሠራ ማሽን ነበር፤ ፊደሉ በብረት ተቀርጾበታል። የግዕዝ ፊደል በሶፍትዌር ተጽፎ በተራ ኮምፒዩተር ላይ ሲወጣ፣ በኋላም በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ ውስጥ ሲገባ፣ የብረቱ ፊደል ዋጋ አጣ። በየፍርድ ቤቱ ደጃፍ ማመልከቻ ይጽፉ ከነበሩት መካከል ጣታቸውን ወደ ኮምፒዩተር ያዛወሩት ሙያቸውን ይዘው ተሻገሩ። ማሽኑን የሙጥኝ ያሉት ግን ብረቱን ይዘው ቀሩ። ሁለቱም ወገን የሚተይበው ያንኑ «ለተከበረው ፍርድ ቤት» ነበር።

በዚህ ዘመን ደግሞ የመጣው የቢትኮይን ማሽን ነው። ቻይና በ2021 ሥራውን ካገደች በኋላ ማሽኖቹ ርካሽ ኤሌክትሪክ ፍለጋ ተሰደዱ፤ ወደ ኢትዮጵያም ጎርፈዋል። የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ በፌብሩዋሪ 2024 ከአንድ የሆንግ ኮንግ ኩባንያ ቅርንጫፍ ጋር የ250 ሚሊዮን ዶላር የዳታ ማይኒንግ ፕሮጀክት የመግባቢያ ስምምነት ማድረጉን አስታውቋል። ትልልቆቹ ድርጅቶች ኃይላቸውን በጅምላ ይገዛሉ፤ ማሽኑም ካረጀባቸው በአዲስ ይተካሉ። ስሌታቸው የእነሱ ነው። አደጋው ያለው የእነዚህን ድርጅቶች ስም ሰምቶ፣ አሮጌውን ማሽን በደላላ ገዝቶ ሱቁ ጓዳ ውስጥ ለመትከል በሚያስበው ሰው ላይ ነው። ማሽኑ አንድ ስሌት ብቻ ደጋግሞ ይሠራል፤ ሌላ አያውቅም፤ ደብዳቤ አይጽፍም፣ ፊልም አያሳይም። በኤፕሪል 2024 ለአንድ የሰንሰለት ማኅተም የሚከፈለው ሽልማት ከ6.25 ወደ 3.125 ቢትኮይን በግማሽ ሲቀነስ ማሽኑ ምንም ሳይበላሽ ገቢው በአንድ ሌሊት ተቆርጧል። በግራፊክስ ካርድ ኢተሪየም የተባለውን ሲቆፍሩ የነበሩት ሥራው በሴፕቴምበር 2022 ሲቆም ቢያንስ ካርዳቸውን ለጨዋታ አፍቃሪዎች ሸጠውታል። የቢትኮይኑ ማሽን ባለቤት ለማን ይሸጣል? ለሌላ የቢትኮይን ቆፋሪ ነዋ፤ እሱም የከሰረ ዕለት ሁሉም በአንድ ላይ ሻጭ ናቸው።

«ወፍጮስ አንድ ሥራ ብቻ አይደለም ወይ የሚሠራው?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። ነገር ግን ወፍጮ የሚሠራው እህል መፍጨት ነው፤ ስንዴውን ላፕቶፕ አይፈጨውም፤ የዛሬ 20 ዓመትም አይፈጨውም። የቦቴውም ነገር እንዲሁ ነው፤ ነዳጅ በሶፍትዌር አይጓጓዝም። የልዩ ማሽን አደጋ የሚከፋው ሥራው ስሌት ሲሆን ነው። ስሌት ከማሽን ወደ ማሽን ይሸጋገራል።

ነገሩን በብር ማየት ይቻላል። ቁጥሮቹ ለማሳያ ያህል የተወሰዱ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። አንድ ነጋዴ 1 ሚሊዮን ብር አለው እንበል። በልዩ ማሽን ቢያውለው በወር የተጣራ 50 ሺህ ብር ያገኛል፤ በተራ ኮምፒዩተሮች ቢያውለው 35 ሺህ ብር። ልዩ ማሽኑ በ20 ወር ዋናውን ይመልሳል። ተራው ማሽን በ15ኛው ወር ላይ ከደረሰበት ግን ነጋዴው የሰበሰበው 750 ሺህ ብር ነው፤ ማሽኑንም ከቆራሌው በቀር የሚገዛው የለም። ተራዎቹን ኮምፒዩተሮች የገዛው በ15 ወር 525 ሺህ ብር አግኝቶ ዕቃውን በግማሽ ዋጋ ቢሸጥ 1 ሚሊዮን 25 ሺህ ብር በእጁ ይገባል። ልዩ ማሽኑ 36 ወር ሙሉ ሳይደረስበት ከቆየ ደግሞ 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር ያስገባል፤ ያኔ የልዩ ማሽኑ ገዢ አሸናፊ ነው። እንግዲህ ጥያቄው ፍጥነቱ ሳይሆን ጊዜው ነው። ጁላይ 2024 ብር በገበያ እንዲመራ ከተለቀቀ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ሲያልፍ ያየ አስመጪ፣ ካረጀ በኋላ በሌላ ማሽን ለመተካት የሚያስፈልገው ብር ስንት እንደሚሆንም በዚሁ ላይ ይደምር።

ሻጩም ሆነ ደላላው ስለ ፍጥነቱ በሚያወሩበት ሰዓት ሌላ ወሬ ማንሳት ነውር የለውም። ማሽኑን ከ18 ወር በኋላ በግማሽ ዋጋ መልሶ ለመግዛት ሻጩ በውል ይፈርም እንደሆነ መጠየቅ ነው። ከፈረመ ዋስ ይጥራ። ደላላውም ዕቃው በእርግጥ የተባለለትን ያህል ከሆነ፣ የኮሚሽኑን ግማሽ ዛሬ፣ ግማሹን ያን ጊዜ ለመቀበል ቅር አይለውም።